ፒካፕ ሊገዛ የተነሣው የቆሼ ጊታር ተጫዋች

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቆሼ ከተማ፣ በአንድ የቅርብ ዘመዳችን ቤት ተጋብዘን ነበር። ክትፎው ቀርቦ ጨዋታው ከደራ በኋላ አባወራው የመካከለኛ ልጃቸውን ነገር በኩራት አነሡ። «እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮ ፒካፕ ሊገዛ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ከእንግዲህ በርበሬያችንን ራሳችን ጭነን ገበያ እናደርሳለን» አሉን። ልጁ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ሲጣራ ሊገዛ ያሰበው ባለ አራት ጎማውን ፒካፕ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የሚገጠመውን፣ የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ትንሽ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። አባትየው ለአፍታ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ይኸኛው ስንት ኩንታል ይጭናል?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ልጁ ግን አልሳቀም። በከተማው ሰርግ በሚያጅብ የወጣቶች ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወታል። ጊታሩ የስትራቶካስተርን ቅርጽ አስመስሎ በእስያ የተሠራ፣ ሁለተኛ እጅ የተገዛና ሦስት ፒካፖች ያሉት ነው። ቅሬታውም ሦስት ነው፤ ድምፁ ታፍኗል፣ መካከለኛው ፒካፕ ጨርሶ አይሰማም፣ መድረክ ላይ ደግሞ ያለ ማቋረጥ ያጉረመርማል። ያገኘው መፍትሔ ዱባይ የምትሠራ እህቱ በካርቶኑ ላይ «14 ኪሎ ኦም» የተጻፈበትን፣ ኃይለኛ ነው የተባለለትን ፒካፕ ሦስት አድርጋ እንድትልክለት ነበር። የታወቁ ፋብሪካዎች ፒካፕ አንዱ ብቻ ከ80 እስከ 120 የአሜሪካ ዶላር ያወጣል። ሦስቱ ሲደመሩ የአንድ ዓመት የሰርግ ድርሻውንም፣ ከበርበሬው የሚደርሰውንም ጠርገው ይወስዳሉ። «ቁጥሩ በበለጠ መጠን ድምፁም ይበልጣል፤ አይደለም እንዴ ጋሼ?» ሲል ጠየቀን። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ጊታሩን እንድናየው ለመንነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. «ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲያስቀርጹ ጊታሩን የያዙት ሰላም ሥዩም ነበሩ፤ በኋላም ሰላም በሮሃ ባንድ ውስጥ የተጫወቱት ጊታር በየቤቱ በካሴት ተደምጧል። የጉራጊኛን ፈጣን ምት በጊታር ለማጀብ የሚሞክር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። እያንዳንዱ ምት አጭርና ጥርት ያለ ካልሆነ ሁሉም እርስ በርሱ ተደራርቦ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የቆሼው ወጣት «ታፈነ» ሲል የቅንጦት ቅሬታ ማቅረቡ አልነበረም።

ፒካፕ የሚሠራው ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሚያውቁት ሕግ ነው። በአንድ ማቀፊያ ላይ ስድስት ትናንሽ የማግኔት ዘንጎች ቆመዋል፤ በዙሪያቸው ከጠጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ከላይ የሚያልፉት ክሮች ብረት በመሆናቸው ማግኔቱ እነርሱንም በጥቂቱ ማግኔት ያደርጋቸዋል። ክሩ ሲርገበገብ በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት ከፍ ዝቅ ይላል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በጥምጥም ውስጥ ያለው ፍሰት በተለዋወጠ ጊዜ ሁሉ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ መጠኑም በዙሩ ብዛትና በለውጡ ፍጥነት ይወሰናል። ፒካፑ 100 ሚሊቮልት አወጣ፣ 8,000 ዙርም አለው እንበል፤ የእያንዳንዱ ዙር ድርሻ 12.5 ማይክሮቮልት ብቻ ነው። ዙሩ በሺህ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ይህን ሐሳብ ለጊታር ያዋሉት ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር ሲሆኑ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት መሣሪያ ከቅርጹ የተነሣ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም ተሰጥቶት ነበር።

ከጎረቤት ሬዲዮ ጠጋኝ ቴስተር ተውሰን መጀመሪያ የለካነው ጊታሩን ሳንፈታ፣ ገመዱ በሚሰካበት ቀዳዳ ላይ፣ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍተን ነበር። በድልድዩ በኩል ያለው ፒካፕ 5.4 ኪሎ ኦም አሳየ። መካከለኛው ከተመረጠ ደግሞ ፒካፑ በቦታው የሌለ ያህል ቴስተሩ የመቆጣጠሪያውን ብቻ ነበር የሚያነበው። ከዚያ በካቻቢቴ ፈትተን፣ ስታኞውን አቅልጠን ፒካፖቹን ከዑደቱ ለይተን ለካን። አሁን የድልድዩ 6.1፣ የአንገቱ 5.9 ኪሎ ኦም ሆኑ፤ መካከለኛው ምንም አላነበበም። ጥምጥሙ ውስጥ አንድ ቦታ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል። ያው ፒካፕ በጊታሩ ውስጥ ሳለ 5.4፣ ለብቻው ሲሆን 6.1 ያሳየው ለምንድን ነው? ከጎኑ በትይዩ የተገናኘ ሌላ ሬዚስታንስ ስላለ ነው። የትይዩ ሬዚስታንስ ቀመርን ወስደን ስናሰላ የተደበቀው ጓደኛ 50 ኪሎ ኦም ገደማ ወጣ። እንዲህ ባለ ጊታር ላይ የሚገጠመው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ግን 250 ኪሎ ኦም መሆን ነበረበት፤ ያ ቢሆን ኖሮ ቴስተሩ ከ5.9 በላይ ያነብ ነበር። ዕቃውን ገልብጠን ስናየው በጀርባው ላይ 50 ኪሎ ኦም የሚል ጽሑፍ አገኘን። ልጁም አስታወሰ፤ ከሁለት ዓመት በፊት መዘወሪያው ተሰብሮ በአንድ ጥገና ቤት ከሬዲዮ በተነቀለ ተተክቶለት ነበር። ጠጋኙ ጥፋት ሠርቷል ማለት ይከብዳል፤ ለሬዲዮ ትክክለኛው ዕቃ እርሱ ነው። ለጊታር ግን ድምፁን ያፈነው ዋናው ይኸው ነበር።

ይህን ለመረዳት በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ወደማይጻፈው መሻገር አለብን። ኪሎ ኦሙ የሚነግረን የሽቦውን ርዝመት፣ ውፍረትና ሙቀት ድምር ውጤት ነው። በአብዛኛው የሚሠራበት ሽቦ 0.063 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው በአንድ ሜትር 5.4 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው፤ ስለዚህ በ6.1 ኪሎ ኦሙ ፒካፕ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ ሜትር የሚሆን ሽቦ ተጠምጥሟል። ፋብሪካው ያንኑ ርዝመት፣ ያንኑ ዙር በ0.056 ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢጠመጥመው ሬዚስታንሱ ወደ 7.9 ኪሎ ኦም ይወጣል። አንድም ዙር አልተጨመረም፤ የተጨመረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ሙቀትም የራሱን ያክላል። የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.39 በመቶ ስለሚጨምር፣ ጠዋት በ15 ዲግሪ የተለካ ፒካፕ ከሰዓት በኋላ በ30 ዲግሪ ሲለካ 6 በመቶ ያህል «ይበረታል»። በዚህ መለኪያ ፒካፕ የሚገዛ ሰው በርበሬን በከረጢቱ ቀለም እንደሚገዛ ነጋዴ ነው።

የማይጻፈው ቁጥር ኢንዳክታንስ ይባላል፤ መለኪያውም ሄንሪ ነው። በስትራቶካስተር ዓይነት ፒካፕ 2.4 ሄንሪ ገደማ ነው። ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ደግሞ ካፓሲታንስ አለው፤ በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል። ኢንዳክታንስና ካፓሲታንስ በተገናኙ ጊዜ ሬዞናንስ ይፈጠራል። ዥዋዥዌ በራሱ ምት ሲገፋ ብቻ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ይህም ዑደት በአንድ በተወሰነ ድግግሞሽ አካባቢ ያለውን ድምፅ ከሌላው አልቆ ያወጣል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። የ4.5 ሜትር ገመድና የጥምጥሙ የራሱ ካፓሲታንስ በድምሩ 600 ፒኮፋራድ ቢሆኑ ሬዞናንሱ 4,200 ኸርዝ አካባቢ ይውላል። የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ነውና ያ ጉብታ «ጥርት ያለ» የምንለው ድምፅ መኖሪያ ነው።

ጉብታው ከፍ ብሎ እንዲቆም ዑደቱ ከባድ ጭነት ሊኖርበት አይገባም። በ4,200 ኸርዝ የጥምጥሙ ሪአክታንስ 63 ኪሎ ኦም ነው። 250 ኪሎ ኦም የሆነው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ፣ እኩያው የቃና መቆጣጠሪያና አንድ ሜጋ ኦም የሆነው የአምፕሊፋየሩ መግቢያ በትይዩ ሲቆጠሩ 111 ኪሎ ኦም ይሆናሉ፤ ይህ ለ63 ሲካፈል 1.8 ገደማ ነው። ወጣቱ ጊታር ላይ ግን በ50ው ምክንያት ጭነቱ 40 ኪሎ ኦም ሆኖ ውጤቱ 0.6 ይወጣል። ይህ ቁጥር ከአንድ በታች ሲወርድ ጉብታው ጠፋ ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ መድረክ ላይ የሚጠቀምበት ገመድ ዘጠኝ ሜትር ነበር። ካፓሲታንሱ ወደ 1,050 ፒኮፋራድ ሲያድግ ሬዞናንሱ ከ4,200 ወደ 3,200 ኸርዝ ይወርዳል።

አሁን የ14 ኪሎ ኦሙን ፒካፕ እዚህ ጊታር ላይ እንግጠመው። ዙሩ የበዛ በመሆኑ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ በዚህ በኩል ልጁ ትክክል ነው። ነገር ግን ኢንዳክታንሱ 8 ሄንሪ ሊደርስ ይችላል። በዚያው በዘጠኝ ሜትር ገመድ ሬዞናንሱ ወደ 1,700 ኸርዝ ይወርዳል፤ በዚያው በ50 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ ጉብታው ከ0.5 በታች ይሆናል። የዓመት ላቡን ከፍሎ የበለጠ የታፈነ፣ ግን የበለጠ የሚጮህ ጊታር ያገኝ ነበር። ይህን በወረቀት ላይ ስናሳየው ለረጅም ጊዜ አየውና «ታዲያ ሻጮቹ ይህን ለምን አይጽፉትም?» አለ። አንዳንዶቹ ይጽፉታል፤ የሚጽፉትን መምረጥ ጥሩ ነው።

ሻጩ ባይጽፈውም ቤተ ሙከራ ያለው ተማሪ ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ሃምሳ ዙር ያህል ሽቦ በትንሽ ካርቶን ላይ ጠምጥሞ ከፒካፑ ላይ ማስቀመጥና ከሲግናል ጄኔሬተር በትንሽ ሬዚስተር በኩል የተለያየ ድግግሞሽ መስጠት፤ በፒካፑ ጫፎች ላይ 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር አገናኝቶ ውጤቱን በኦሲሎስኮፕ መከታተል። ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር አነሣሹ ጥምጥም ራሱ ቮልቴጁን እንደሚያሳድገው አይዘንጋ፤ ያም ሆኖ ጫፉ የት እንዳለ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ኢንዳክታንሱን ከሬዞናንስ ቀመሩ ማውጣት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ርካሽ ቴስተር በኦልተርኔቲንግ ክፍሉ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ እውነቱን ስለማይናገር ለዚህ አይታመንም።

የተበጠሰው መካከለኛ ፒካፕ ግን በስሌት አይድንም። መጀመሪያ የምንመክረው የውጪውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው፤ ላብና እርጥበት ብዙ ጊዜ የሚበሉት ሽቦው ከመውጫው ጋር በተያያዘበት ቦታ ላይ ነውና፣ አንድ ዙር ፈትቶ እንደገና በስታኞ ማያያዝ ያድነው ይሆናል። የዚህኛው ጉዳት ከውስጥ ነበር። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ለሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ጥበባቸው የማይናቅ ቢሆንም የሚሠሩበት ሽቦ ከዚህ በብዙ እጥፍ የወፈረ ነው። ስለዚህ አንድ ፒካፕ መግዛት ግድ ሆነ፤ ሦስት ግን አይደለም።

ለዚህ አንድ ፒካፕ ስመ ጥር ፋብሪካ አያስፈልግም። በኮሪያና በቻይና የሚሠሩ ከታወቁት ዋጋ በጥቂት ክፍልፋይ የሚሸጡ አሉ፤ ጥምጥም ጥምጥም ነው። መታየት ያለበት ሌላ ነው። አንደኛ፣ ሬዚስታንሱ ከቀሩት ሁለቱ ጋር ተቀራራቢ፣ ማለትም 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ይሁን፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ቀጥሎ በመጀመሪያውና በስድስተኛው ዘንግ መካከል ያለው ርቀት ከአሮጌው ጋር ይለካ፤ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት የዳር ክሮቹን ከማግኔቱ ያወጣቸዋል። በጣም የወደድነው ሦስተኛው ምክር ግን ይህ ነው። መካከለኛው ፒካፕ ጥምጥሙም ማግኔቱም ከሁለቱ ተቃራኒ የሆነውን ይግዛ።

ምክንያቱ የጉርምርምታው ነገር ነው። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ይወዛወዛል፤ በዳሱ ውስጥ ያለው ሽቦ፣ ትራንስፎርመሩና የቆየው የፍሎረሰንት መብራት ባላስት ሁሉ በዚያ ድግግሞሽና በብዜቶቹ የማግኔት መስክ ይረጫሉ። ፒካፑ ክሩን ከዚህ አይለይም፤ ሁለቱንም ያነሣል። ሴት ላቨር የተባሉ የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ በ1955 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መላ ሁለት ጥምጥሞችን በተቃራኒ አቅጣጫ ማገናኘትና ማግኔቶቻቸውንም ማገላበጥ ነበር። ከውጭ የመጣው ጉርምርምታ በአንዱ ሲደመር በሌላው ይቀነሳል፤ የክሩ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ይደመራል። ባለ ሁለት ጥምጥሙ ፒካፕ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ለዚህ ጊታርም ቀዳዳው የማይበቃ ነው። መካከለኛው ተቃራኒ ከሆነ ግን መምረጫው ከአንገቱ ወይም ከድልድዩ ጋር ባጣመረው ጊዜ ያው ጥቅም ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል።

ሻጩ «ተቃራኒ ነው» ቢልም ማጣራት ቀላል ነው። ኮምፓስ ከዘንጎቹ አናት ላይ ሲቀርብ ከአሮጌዎቹ የተለየ ጫፍ መሳብ አለበት። ከዚያም ቀስት ያለውን የድሮ ቴስተር በትንሹ የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያው ላይ አድርጎ ካቻቢቴውን ዘንጎቹ ላይ ማሳረፍና በፍጥነት ማንሣት። በሁሉም ፒካፖች ላይ ቀስቱ ወደ አንድ ወገን ከዘለለ ይስማማሉ፤ ከተለያየ የአዲሱን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል፤ የብረት መሸፈኛ ካለው ግን መሸፈኛው አስቀድሞ ከሽቦው መለየት አለበት።

ስለ ማግኔቱም ጥቂት እንበል። በርካሾቹ ላይ የሚበዛው የሴራሚክ ማግኔት ነው፤ ከጥምጥሙ ሥር ተለጥፎ በውስጡ ተራ የብረት ዘንጎች ይቆማሉ። በውዶቹ ላይ ዘንጎቹ ራሳቸው ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተቀመመ አልኒኮ ማግኔት ናቸው። ሴራሚክን «የድሃ ማግኔት» ማለት የተለመደ ነው፤ ታሪኩ ግን ከድምፅ ይልቅ የኮባልት ዋጋ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በያኔው ዛየር፣ በሻባ ግዛት ጦርነት ሲነሣ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነክቶ የድምፅ ማጉያ ፋብሪካዎች ወደ ሴራሚክ ጎርፈዋል። የድምፁ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ተራው ብረት ኢንዳክታንሱን ከአልኒኮ ይልቅ ስለሚያሳድገው ነው፤ ያንን ደግሞ በዙር ማስተካከል ይቻላል። ማግኔቱ አልኒኮም ሆነ ሴራሚክ ለክሩ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ካቀረብነው ክሩን ጎትቶ ቅኝቱን ያበላሻል። የወጣቱም የአንገት ፒካፕ ክሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በሁለት ብሎን ዝቅ ስናደርገው በዝቅተኛው ክር ላይ የነበረው የሚዋልል ድምፅ ጠፋ። ይህ ነፃ ነው።

ክራር የሚጫወተው የባንዱ ጓደኛም የተበጠሰውን ፒካፕ ጠግኖ ከክራሩ ሥር ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቆን ነበር። ክሮቹ ናይሎን ስለሆኑ ማግኔት አያውቃቸውም፤ ለእርሱ የሚበጀው በቆዳው ላይ የሚለጠፍ ፒየዞ ነው። ያንንም ከአሮጌ የማንቂያ ጩኸት ማሰሚያ ውስጥ ማግኘት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ጊታሩን ይዞ ማይክሮፎኑን ሲነካ ከንፈሩን እንደሚነዝረው ልጁ እየሳቀ ነገረን። ይህ የፒካፕ ጉዳይ አይደለም፤ የጊታሩ ክሮች ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር የተገናኙ ስለሆኑ የምድር ሽቦ በሌለው መስመር ላይ የተጫዋቹ አካል መንገድ ይሆናል። 220 ቮልት ባለበት አገር መጀመሪያ የሚጠራው ኤሌክትሪሽያን ነው፤ ፒካፑ ይቆየው።

የ250 ኪሎ ኦሙ መቆጣጠሪያ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቅ ተገዛ፤ ገመዱ በአጭር ተተካ፤ ተቃራኒውን መካከለኛ ፒካፕ እህቱ ከዱባይ በሰው ላከችለት። ካሰበው ገንዘብ ሩቡን እንኳ አልነካም። የቀረው ለአባትየው ፒካፕ መነሻ ይሁን የሚል ክርክር በቤቱ ውስጥ እንዳለ ሰምተናል።

በጥር በአንድ ሰርግ ላይ ሲጫወት አየነው። ድምፁ ጥርት ብሏል። የድልድዩን ፒካፕ ብቻውን ሲመርጥ ግን አሁንም ጉርምርምታ አለ፤ ለዚህም የጥምጥሙ ትይዩ ከመስኩ አቅጣጫ ጋር በሚመሠርተው ማዕዘን እንደሚወሰን ነግረነው ነበርና፣ ያን ጊዜ ዘፈን ሁሉ ላይ ወደ ዳሱ ግራ ማዕዘን ዞሮ ይቆማል። በቀጣዩ ሳምንት በሌላ ሰርግ ላይ ሁለት ታዳጊ ጊታር ተጫዋቾች እንዲሁ ወደ ጎን ዞረው ሲጫወቱ አየን።